አንድ ምጣድ፣ ሁለት ሥራ፦ ንቦች መውለድንና በሽታ መከላከልን ከምን ያብቃቃሉ?

በነሐሴ አጋማሽ ሆለታ፣ መናገሻ ወይም ሱሉልታ ላይ ዝናቡ ፋታ ሲሰጥ ቀፎ የሚከፍት ንብ አርቢ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው እንዲህ ነው፦ እጩ ሰፈፉን ሞልቶ አልተቀመጠም፤ እዚህም እዚያም ተበታትኗል። አንዳንዱ ጉድጓድ ውስጥ እንደ ጠመኔ የነጣና የደረቀ እጭ አለ። ንቦቹ ሳስተዋል። መጀመሪያ የሚመጣው ሐሳብ «በሽታ ገባ» የሚል ነው፤ ቀጥሎ መድኃኒት ፍለጋ። በሽታ መኖሩ እውነት ሊሆን ይችላል። በሩን የከፈተለት ግን አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ነገር ነው፦ ንቦቹ የነበረቻቸውን ጥቂት ስንቅ ልጅ ለማሳደግ አውጥተው ራሳቸውን የሚጠብቁበት አጥተዋል።

ይህ የንብ ብቻ ጠባይ አይደለም። ዝንብም፣ ትንኝም፣ ጥንዚዛም፣ ፌንጣም መውለድንና በሽታ መከላከልን የሚቀልቡት ከአንድ ጎተራ ነው። ለአንዱ ሲሰፈር ለሌላው ይጎድላል። ጉድለቱ መቼ እንደሚጎዳና መቼ እንደማይጎዳ ማወቅ፣ ቀፎ ላለው ሰው ከብዙ መድኃኒት ይልቅ ይጠቅማል።

ነገሩ የሚጀምረው ከአንድ የሰውነት ክፍል ነው። ነፍሳት ጉበት የላቸውም። በምትኩ ከቆዳቸው ሥርና በሆዳቸው ውስጥ የተነጠፈ፣ ነጣ ያለ ለስላሳ ክፍል አላቸው፤ ባለሙያዎች «የስብ አካል» ይሉታል። ስሙ ያሳስታል፤ የስብ ማከማቻ ብቻ አይደለም። የተረፈ ስኳርና ፕሮቲንም የሚቀመጠው እዚያ ነው። ለእንቁላል ስንቅ የሚሆነው ቪቴሎጀኒን የተባለ ፕሮቲን በዋናነት የሚሠራው እዚያ ነው። ባክቴሪያ ወይም ሻጋታ ሰውነት ውስጥ ሲገባ ወደ ደም የሚለቀቁት ገዳይ ፕሮቲኖችም አብዛኞቹ የሚሠሩት እዚያው ነው።

አንድ ምጣድ ብቻ ያለው ቤት ይታሰብ። እንጀራ ሲጋገርበት የሽሮው አተር አይቆላበትም። ማገዶ ሲያንስ ሁለቱም ይጓደላሉ፤ ማገዶ ሞልቶም ግን ምጣዱ ያው አንድ ነው። በዚያ ላይ የቤቱ እመቤት «ዛሬ እንጀራ ነው» ካለች፣ ምጣዱ ለአፍታ ባዶ ቢሆን እንኳ አተሩ ተራ አይደርሰውም። በነፍሳት ሰውነት ውስጥ ሦስቱም ይገኛሉ፦ የምግብ እጥረት፣ የሥራ ቦታ መጣበብ፣ እና ትእዛዝ የሚሰጥ ሆርሞን። ሦስቱን መለየት ተራ ዝርዝር አይደለም። ችግሩ ማገዶ ብቻ ከሆነ መመገብ ይፈታዋል፤ ምጣዱ ተይዞ ከሆነ ግን የቱንም ያህል ቢመገቡ የእንቁላሉ ጥድፊያ እስኪበርድ መከላከያው ሙሉ አይሆንም።

መከላከያው ራሱ ምን ይበላል? ነፍሳት እኛ በክትባት የምናዳብረው ዓይነት ፀረ እንግዳ አካል አይሠሩም። ጠንካራው ቆዳና የአንጀት ግድግዳ የመጀመሪያ አጥር ናቸው። አጥሩ ከተጣሰ የደም ሴሎች ተህዋሱን ይውጡታል፤ ትልቅ ከሆነ ይከብቡትና ጥቁር ቅርፊት ያለብሱታል። ይህን የሚያጠቁረው ፌኖልኦክሲዴዝ የተባለ ኢንዛይም በደቂቃዎች ውስጥ ይነሳል። ገዳዮቹ ፕሮቲኖች ግን ተመርተው እስኪደርሱ ሰዓታት ይወስዳሉ፤ ከተመረቱ በኋላ ለቀናት ይቆያሉ። ዋጋው ጉልበት ብቻ አይደለም፤ የማጥቆሩ ሂደት መርዛማ ውጤቶች ስላሉት የነፍሳቷን የገዛ ሰውነትም ያቃጥላል። በጥንዚዛ ላይ እንደታየው መከላከያው ሲነሳ እንደ ኩላሊት የሚያገለግሉት ቱቦዎች ይጎዳሉ። ሁልጊዜ በርትቶ አለመጠበቁ ስንፍና ሳይሆን ቁጠባ ነው የምንለው ለዚህ ነው።

የዋጋውን ክብደት በግልጽ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ2000 በባምብልቢ፣ ማለትም በወፍራሟና ጸጉራሟ የንብ ዘመድ ላይ የታተመ ጥናት ነው። ሠራተኛ ንቦቹን ሕይወት ባለው ጀርም አልበከሏቸውም፤ የባክቴሪያ ቅርፊት ቅንጣትና ጥቃቅን የላቴክስ እንክብሎች ብቻ ወጓቸው። ሰውነታቸው ጠላት የገባ መስሎት ተነሳ። ምግብ ሲያገኙ የነበሩት ምንም አልሆኑም። ምግብ የተከለከሉት ግን ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 70 በመቶ አጠረ። የገደላቸው በሽታ አልነበረም፤ በባዶ ሆድ የተከፈለ የመከላከያ ዋጋ ነው።

የመውለዱ ወገንም እንዲሁ ተፈትሿል። እ.ኤ.አ. በ2002 በዱቄት ጥንዚዛ ላይ የተሠራ ሙከራ ወንዱም ሴቷም ከተገናኙ በኋላ የፌኖልኦክሲዴዝ መጠናቸው እንደሚወርድ አሳየ። ምክንያቱ ጁቨናይል ሆርሞን ነው፤ በምሳሌያችን «ዛሬ እንጀራ ነው» የምትለው እመቤት እሷ ናት። በፍራፍሬ ዝንብም እ.ኤ.አ. በ2017 ተመሳሳይ መንገድ ተገኘ፦ ከወንዱ ዘር ጋር የሚገባ አንድ ትንሽ ፕሮቲን የሴቷን ጁቨናይል ሆርሞን ከፍ ያደርጋል፤ ሆርሞኑ እንቁላል መሥራትን ያፋጥናል፤ የገዳይ ፕሮቲኖች ምርት ይቀንሳል፤ በባክቴሪያ ሲበከሉ የተገናኙት ካልተገናኙት ይበልጥ ይሞታሉ። እንቁላል ማምረት እንዳይችሉ ሆነው የተፈጠሩ ሴቶች ላይ ግን ይህ ጉዳት አይታይም። ስለዚህ የሚጎዳቸው መገናኘቱ ሳይሆን ተከትሎት የሚመጣው የእንቁላል ሥራ ነው።

ሚዛኑ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን አያጋድልም። እ.ኤ.አ. በ1999 በቤት ፌንጣ ላይ በተሠራ ሙከራ፣ ጎጂ ባክቴሪያ የተወጉ ሴቶች እንቁላል መጣልን ከመቀነስ ይልቅ ጨመሩ። ነገ የመኖር ተስፋዋ ከጠበበ፣ ያላትን ለመከላከያ ከማባከን ወደ ልጅ ማሸጋገሩ ያዋጣታል። ታሞ ሳለ በድንገት እንቁላል ያበዛ ነፍሳት ሁሉ አገገመ ማለት አይደለም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያነሳው ተገቢ ጥያቄ አለ፦ ታዲያ ጎበዝ አውራ (ንግሥቲቱ ንብ) በቀን 1,500 እንቁላል እየጣለች እንዴት ለዓመታት ጤነኛ ሆና ትኖራለች? የአንድ ቀን እንቁላሏ አንድ ላይ ቢመዘን ከራሷ ክብደት ጋር ይቀራረባል። ይህ ሕጉን የሚያፈርስ ይመስላል፤ አያፈርስም። ለገጣፎ ላይ ቤት እየሠራ ልጁንም ውድ ትምህርት ቤት የሚያስተምር ሰው ስላየን፣ ቤት መሥራትና ልጅ ማስተማር በአንድ ኪስ አይሻሙም አንልም፤ ገቢው ሰፊ ስለሆነ ሽሚያው አልታየም እንጂ። አውራዋም እንዲያው ናት። ሮያል ጄሊ የተባለውን ልዩ ምግቧን አዘጋጅተው የሚያጎርሷት ሞግዚት ንቦች፣ ማለትም እጭ የሚመግቡ ወጣት ሠራተኞች ናቸው፤ ወጪው ተሸጋገረ እንጂ አልቀረም። እሷም ብትሆን ከሽሚያው ፈጽማ አላመለጠችም፤ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ጥናት በአውራዎች ሰውነት ውስጥ ያስቀመጡት የድንጉላ (የወንድ ንብ) ዘር ጤንነትና አንዳንድ የመከላከያ ፕሮቲኖች በተቃራኒ አቅጣጫ እንደሚሄዱ አሳይቷል።

ሽሚያው ደብዝዞ ከርሞ በረሃብ ጊዜ ብቻ ብቅ እንደሚል የሚያሳይ ሌላም ማስረጃ አለ። የፍራፍሬ ዝንብ እጮችን፣ እንቁላሏን እጩ ውስጥ ከምትጥል ጥገኛ ተርብ እንዲተርፉ ለአምስት ትውልድ ብቻ መርጠው ሲያራቧቸው፣ የሚተርፉት ከ5 በመቶ ወደ 60 በመቶ ገደማ አደጉ። ጉዳቱ የታየው ምግብ ሲያንስና እጮቹ ሲጨናነቁ ነው፤ ያኔ ጠንካራ የተባሉት ከሌሎቹ ጋር ተሻምተው መብላት አቃታቸው። ጠግቦ ባደረ ቀፎ ላይ የተደረገ ፍተሻ ስለ ሐምሌው ቀፎ ብዙ አይናገርም።

አሁን ወደ ሠራተኛዋ ንብ እንግባ፤ በንብ ቤት ነገሩ የሚወሳሰበው እሷ ጋ ነው። ሠራተኛ ንብ አብዛኛውን ጊዜ አትወልድም፤ ግን ታጠባለች ቢባል ይቀላል። ሞግዚቷ ቪቴሎጀኒን በስብ አካሏ ታከማቻለች፤ እሱን እያፈሰሰች ከራስዋ ዕጢዎች ለእጩ ነጭ ምግብ ታወጣለች። አንድ ሠራተኛ ንብ ከእንቁላል እስከ መውጣት ለማሳደግ ከ100 ሚሊ ግራም በላይ የአበባ ዱቄት ይጠይቃል። ከውጭ ዱቄት ካልገባ ሞግዚቷ ከገዛ ሰውነቷ ታወጣለች። ያው ቪቴሎጀኒን የራሷ ጋሻም ነው፤ ዕድሜዋን ያረዝማል፣ ሰውነቷን ከመቃጠል ይጠብቃል። ሥራዋን ለውጣ ወደ ቀሰም ስትወጣ ጁቨናይል ሆርሞኗ ይጨምራል፣ ቪቴሎጀኒኗ ይወርዳል፣ የደም ሴሎቿም ይመናመናሉ። ልጅ የሌለበት ወራት ያሳለፈች ንብ ለወራት ስትኖር፣ በሥራ ወቅት ያለችው አምስት ስድስት ሳምንት የምትኖረው ከዚህ የተነሳ ነው።

ቫሮዋ የተባለውን በንብ ላይ የሚጣበቅ ጥቃቅን ተባይ በዚህ ዓይን ማየት ያስፈልጋል። የንብ ደም ይመጥጣል ተብሎ ለረጅም ጊዜ ሲታመን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት ግን ዋና ምግቡ የስብ አካሉ እንደሆነ አሳየ። ማገዶውን ሳይሆን ምጣዱን ይሰብራል ማለት ነው።

ቤተሰቡ በጠቅላላም ይህንኑ ሽሚያ በጋራ ይሠራል። የአበባ ዱቄት ሲቋረጥ ሠራተኞቹ እንቁላልና ትንንሽ እጭ ይበላሉ። ጭካኔ አይደለም፤ ያወጡትን ፕሮቲን መልሰው ማስገባት ነው። ብዙ ነፍሳት ሲርባቸው ወይም ሲታመሙ ያልበሰለ እንቁላላቸውን በሆዳቸው ውስጥ መልሰው እንደሚያሟሙት ማለት ነው። የነሐሴው የተበታተነ እጭ ትልቁ ምክንያት ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ጠመኔ የሚመስለው እጭስ? እሱ እውነተኛ በሽታ ነው፤ ጠመኔ እጭ የሚባል የሻጋታ በሽታ። ሻጋታው የሚጠናው እጩ ሲበርደው ነው። የእጭ ቦታ 34 ወይም 35 ዲግሪ መሆን አለበት፤ ወደ 30 ሲወርድ ለሻጋታው ይመቻል። ሙቀቱን የሚሰጡት ደግሞ ሞግዚቶቹ ናቸው። ሆለታ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሊወርድ በሚችልበት አገር፣ አውራዋ ንቦቹ ሊሸፍኑት ከሚችሉት በላይ ስትጥል ዳር ዳሩ ያለው እጭ ይበርደዋል፤ ጠመኔውም ከዳር ይጀምራል። ብዙ መውለድና ጥቂት መጠበቅ ማለት በአንዲት ንብ ሆድ ውስጥ ብቻ ሳይሆን በሰፈፍ ላይም እንዲህ በዓይን ይታያል።

ከንብ ወጣ ብለን በአዲስ አበባ ደቡብ ጫፍ ቃሊቲ የሚረባውን የቆላ ዝንብ ብናይ፣ ሽሚያው ከሁሉ ጎልቶ የሚታይባት ነፍሳት እሷ ናት። የገንዲ በሽታ የምታስተላልፈው ይህች ዝንብ እንቁላል አትጥልም፤ አንድ እጭ በማህፀኗ ይዛ ወተት በሚያፈልቅ ዕጢ ታሳድጋለች፤ የወተቱ ዕጢ ከስብ አካሉ ጋር ተሰናስሎ ይሠራል። እጩ ሲወለድ ክብደቱ የእናቱን ያህል ነው። መጀመሪያ ከተወለደ በኋላ በየ9 ወይም 10 ቀኑ አንድ ነው፤ በዕድሜዋ ሙሉ ከአሥር ብዙም አታልፍም። የቃሊቲው የዝንብ ማራቢያ ማዕከል የሚፈልገው የዱሩ ዝንብ እንዳይራባ ወንዶቹን በጨረር አምክኖ ለመልቀቅ ስለሆነ፣ እያንዳንዷ እናት ያጓደለችው ልጅ ይቆጠራል። የገንዲን ጥገኛ በያዙና መከላከያቸው በተነሳ እናቶች ላይ በቤተ ሙከራ የታየው፣ እጩ በማህፀን የሚቆይበት ጊዜ መርዘሙ ነው። በየዙሩ አንድ ሁለት ቀን ቢዘገይ፣ ጥቂት ከምትወልድ እናት ዕድሜ ላይ ልጅ ይቀነሳል። ሌላው የእርባታው ጠላት የምራቅ ዕጢን የሚያሳብጥ ቫይረስ ነው፤ የዘር ዕጢዎችን ያበላሻል፣ ያመክናል። በእርባታው ውስጥ በዋናነት የሚዛመተው አንዱ ሣጥን የበላበትን ደም ሌላው ሣጥን ሲበላበት በምራቅ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሣጥን ትኩስ ያልተነካ ደም ማቅረብ፣ ወጪው ቢከብድም፣ እርባታውን ያድናል።

ወደ ቀፎው እንመለስና በተግባር ምን እንደሚደረግ እንይ። ትልቁ ስህተት በሐምሌ ቀጭን የስኳር ውሃ ብቻውን መስጠት ነው። 1 ኪሎ ስኳር በ1 ሊትር ውሃ የተበጠበጠ ለንቧ «አበባ ፈነዳ» የሚል መልእክት ነው፤ አውራዋ መጣል ትጀምራለች። ስኳር ግን ማገዶ እንጂ ፕሮቲን የለውም። የአበባ ዱቄት በማይገባበት ወር እጭ ሲበዛ፣ ሞግዚቶቹ ሰውነታቸውን እያፈሰሱ ያጠባሉ፤ በሦስተኛው ሳምንት ቀፎው ከበፊቱ ደክሞ ይገኛል። አርቢው ደግሞ «እየመገብኩት ታመመብኝ» ይላል። በሐምሌ ቀፎው ቀልሎ ረሃብ ካስፈራ የሚሰጠው ወፍራሙ ነው፤ 2 ኪሎ በ1 ሊትር። እሱ ስንቅ ይሆናል እንጂ ያን ያህል አያስጥልም። ውሃው ፈልቶ ከእሳት ከወረደ በኋላ ስኳሩ ይጨመርበት፤ እሳት ላይ አይብሰል፣ ሎሚ ወይም ኮምጣጤም አይግባበት፤ ሲቃጠል ንብን የሚመርዝ ውህድ ይወጣዋል። አመሻሽ ላይ ግማሽ ሊትር ያህል ይሰጥ፤ መግቢያው ይጥበብ፤ በቀን ከተሰጠ የጎረቤት ቀፎ ይዘርፈዋል።

ቀጭኑን ለመጀመር ከአበባው ወደኋላ 40 ቀን መቁጠር ነው፦ ከእንቁላል እስከ መውጣት 20 ቀን ገደማ፣ ከዚያ ቀሳሚ እስክትሆን ሌላ 20 ቀን። አደይ አበባውና መጩ መስከረም 20 ገደማ በርትተው እንዲጠቅሙ ከተፈለገ፣ መጀመሪያው ነሐሴ 15 ነው። ከዚያ በፊት የተጣለ እንቁላል በቀሰም የማይመለስ ወጪ ነው።

ያኔ ፕሮቲኑ አብሮ ይግባ። የሽንብራ፣ የአተር ወይም የባቄላ ዱቄት ተቆልቶ በደንብ ይላም። የወጥ ሽሮ አይሆንም፤ ጨው፣ በርበሬና ቅመም ይጎዳቸዋል። በሶ ብዙ ሰው ይሰጣል፤ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ገብስ ፕሮቲኑ ከጥራጥሬ ግማሽ ገደማ ነው፣ ስታርቹንም ንብ በደንብ አትፈጨውም። ዱቄቱ በወፍራሙ የስኳር ውሃ እንደ ጭብጦ ይታሽና ጠፍጥፎ ከእጩ ፍሬሞች በላይ ይቀመጥ። ለደካማ ቀፎ ከ100 እስከ 200 ግራም ይበቃል፤ በአራት ቀን ካላለቀ ሳይሻግት ይውጣ፣ ቀጣዩም ይቀነስ። ከሌላ ሰው የመጣ ማር አይስጡ፤ የበሽታ ዘር ይዞ ይመጣል። ቴትራሳይክሊን የተባለውን ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት በስኳር ውሃ መበጥበጥም አይረዳም፤ ጠመኔ እጭ ሻጋታ ስለሆነ አይነካውም፣ ንቧን የሚጠብቁትን የአንጀት ባክቴሪያዎች ግን ያጠፋል።

ከሁሉ የሚበልጠው መኖ የራሳቸው ነው። በግንቦትና ሰኔ ማር ሲቆረጥ ሙሉ ማር ያለው ሁለት ሦስት ፍሬም፣ ዱቄት የያዘ ሰፈፍም ከተገኘ አብሮ ይቅር። ያንን ቆርጦ ሸጦ በሐምሌ ስኳር መግዛት ለኪስም ለንብም ኪሳራ ነው። በአጥሩ ዙሪያ ባሕር ዛፍ ብቻ ከሆነ ግራዋና ማገጥ ማብዛት ይጠቅማል፤ ከተለያየ አበባ የተሰበሰበ ዱቄት የሚበሉ ንቦች ምግባቸውን ከጀርም የሚጠብቀውን ኢንዛይም የበለጠ እንደሚሠሩ ታይቷል።

ሲከፈት ምን ይታይ? ፀሐይ ባለበት እኩለ ቀን፣ ከአምስት ደቂቃ ሳያልፍ። ትንንሹ እጭ በነጭ ምግብ ውስጥ ተኝቶ የሚያብለጨልጭ ከሆነ ሞግዚቶቹ አልተራቡም፤ ደርቆ ጉድጓዱ ግርጌ ላይ ከተጣበቀ ፕሮቲን አጥሯል። ከእጩ በላይ እንደ ቀስት የሚዞር የዱቄት መስመር መኖር አለበት። እጭ ያለባቸው ፍሬሞች ንብ ከሸፈናቸው ፍሬሞች ከግማሽ ከበለጡ፣ በብርዱ ወቅት አደጋ ነው፤ ባዶዎቹ ፍሬሞች ይውጡና ቦታው ይጥበብ። ደጃፉ ሥር ነጭ ላስቲክ ተዘርግቶ በየጠዋቱ የወደቀው የጠመኔ እጭ ይቆጠር። ከመስከረም ወደ ጥቅምት ምግቡ ሲገባ ቁጥሩ እየወረደ ከሄደ፣ ችግሩ ሽሚያው ነበር፤ ሌላ ምንም አያስፈልግም። ዱቄት ሞልቶ፣ ንቡ ሰፈፉን ሸፍኖ፣ ጥቅምት አጋማሽ ላይም እጩ እየጠመነነ ከወደቀ ግን አውራዋ ትለወጥ፤ የጠቆረው ሰፈፍም ወጥቶ ይቅለጥ።